ኪንግስተን ውስጥ በርካሽ ሆቴል ማደር፦ ከአልጋ ፍለጋ እስከ ቁልፍ ማስረከብ

ጃማይካ፣ ኪንግስተን በገባሁ በማግስቱ ጠዋት፣ ፀጉሬ ላይ ሻምፖ እንዳለ ውኃው ቀጥ አለ። ሪሴፕሽን ደወልኩ። ልጅቷ በትሕትና «ሰፈሩ ዛሬ ውኃ የለውም፤ ማታ ይመጣል» አለችኝ። ሆቴሉ የውኃ ማጠራቀሚያ አልነበረውም። በሁለት የታሸገ ውኃ ተለቃልቄ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ። አልጋ ስይዝ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ስለ ውኃ ነው።

ይህን የምጽፈው ለሪዞርት እንግዳ አይደለም። ወደ ጃማይካ ከሚሄደው ቱሪስት አብዛኛው የሚያርፈው በሰሜኑና በምዕራቡ ዳርቻ፣ ሞንቴጎ ቤይ፣ ኦቾ ሪዮስ ወይም ኔግሪል ነው። እዚያ ምግቡም፣ መጠጡም፣ ባሕሩም በአንድ ክፍያ ያልቃል። ኪንግስተን ግን ዋና ከተማ ናት። ሰው የሚሠራባት፣ የሚነግድባት፣ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመጣባት ከተማ ናት። ርካሽ ማረፊያዎቿም ከእኛ ፔንሲዮኖች ጋር ይመሳሰላሉ።

እኛን ወደዚያ የሚወስደን ደግሞ የራሳችን ምክንያት አለ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲደርሱ ሕዝቡ ጠባቂዎቹን አልፎ አውሮፕላኑን የከበበው ኪንግስተን ነው። ማክስፊልድ አቬኑ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለች። ቦብ ማርሊ የኖረበት ቤት፣ ሆፕ ሮድ ቁጥር 56፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ይህን ሁሉ ከሪዞርት ተነስቶ በአንድ ቀን ማየት አይቻልም። ከተማው ውስጥ ማደር ያስፈልጋል። ማደር ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካወቁበት።

1. መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ አየሩ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ይወጣል። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ደግሞ የሚከፋው ጊዜ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ሜሊሳ የተባለችው አውሎ ነፋስ ኦክቶበር 28 ቀን 2025 የደሴቲቱን ምዕራብ የመታችው በከፍተኛው፣ በአምስተኛው ደረጃ ኃይል ነው። በዚያ ወቅት ከሄዳችሁ፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አልጋ ብቻ ያዙ።

ርካሽ አልጋ የሚጠፋባቸው ሳምንታትም አሉ። በማርች መጨረሻ አካባቢ የትምህርት ቤቶች ታላቁ የሩጫ ውድድር በብሔራዊ ስታዲየም ይካሄዳል። እነሱ «ቻምፕስ» ይሉታል። እንደ ዩሴይን ቦልት ያሉት የወጡት ከእሱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ካርኒቫል አለ። በእነዚህ ቀናት ከሄዳችሁ ከወራት በፊት ያዙ፤ ካልሆነ አንድ ሳምንት ገፋ አድርጉት።

2. ሰፈሩን ከዋጋው በፊት ወስኑ

የኪንግስተን ርካሽ ክፍል የሚወደደው ታክሲው ላይ ነው። ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ፣ በ50 ዶላር አንድ ክፍል አገኛችሁ እንበል። ለመውጣት 12፣ ለመመለስ 12 የአሜሪካ ዶላር ለኮንትራት ታክሲ ከፈላችሁ። በአራት ቀን 296 ዶላር ይሆናል። ኒው ኪንግስተን ውስጥ በ72 ዶላር ብታድሩ አራት ምሽቱ 288 ነው። ዋጋው አነስ ይላል፤ በእግራችሁም ትንቀሳቀሳላችሁ።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ኒው ኪንግስተንን ነው። ድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የነበረ ቦታ ነው። አሁን ባንኩ፣ ቢሮው፣ ሆቴሉ እዚያ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢማንሲፔሽን ፓርክም እዚያው መሃሉ ላይ አለ፤ ጠዋትና ማታ ሰው ይሮጥበታል፣ ይንሸራሸርበታል። በትራፋልጋር ሮድና በሆፕ ሮድ አካባቢ ካደራችሁ ዴቨን ሃውስ የተባለው ታሪካዊ ቤት በእግር ይደረሳል። ከዚያ ሆፕ ሮድን ይዛችሁ ብትወጡ የማርሊን ሙዚየም ታገኛላችሁ።

ሁለተኛ ምርጫዬ ሊጓኒ ነው። ሱፐርማርኬትና ፋርማሲ ቅርብ ነው፤ ሚኒባስና ታክሲም አይጠፋም። የበለጠ ቀለል ያለ ዋጋ ለሚፈልግ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በሞናና በፓፒን አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች አሉ። ሃፍ ዌይ ትሪ የአውቶቡስና የታክሲ ማዕከል ስለሆነ ለመንቀሳቀስ አንደኛ ነው፤ ለመተኛት ግን ጩኸቱ ይከብዳል።

ዳውንታውን፣ ወደቡ ያለበት አሮጌው መሃል ከተማ፣ ቀን ላይ እጅግ ደስ ይላል። ኮሮኔሽን ገበያ ስገባ የመርካቶ ግርግር ነው ትዝ ያለኝ። ሱቆቹ ሲዘጉ ግን መንገዱ ባዶ ይሆናል። እንግዳ ሰው ማታ እዚያ ባያድር ይሻላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የአገሩ ሰዎችም የነገሩኝ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያው ላይ «ከኒው ኪንግስተን 5 ደቂቃ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በመኪና ማለት ነው። ያውም መንገድ ባልተዘጋጋበት ሰዓት። አድራሻውን ካርታ ላይ አስገቡና በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ራሳችሁ እዩ።

3. ከመክፈላችሁ በፊት በዋትስአፕ ጠይቁ

ጃማይካ ውስጥ ትንሹ ማረፊያ እንኳ ዋትስአፕ አለው። ጽፋችሁ ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይቀመጥላችኋል። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን የፈጀበት ቤት፣ ክፍሉ ውስጥ ችግር ሲገጥማችሁም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃ ነው። ከተማዋ ውኃ የምታገኘው በዋናነት ከሞና የውኃ ማጠራቀሚያና ከሄርሚቴጅ ግድብ ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ በተለይ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ደረቅ ወቅት፣ ውኃ በፈረቃ ይሆናል። «ታንከር አላችሁ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ውኃ ሲጠፋ ታንከሩ ለእንግዳ ክፍሎች በሙሉ ይደርሳል?» በሉ። በአዲስ አበባ ጣራ ላይ የምናውቀው ጥቁር ሮቶ እዚያም በየጣራው ተሰቅሏል። የሆቴሉን ፎቶ ስታዩ ጣራውን ተመልከቱ።

ሙቅ ውኃን ለብቻው ጠይቁ። ብዙ ቤቶች በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ነው ያላቸው። ለሁለት ቀን ከደመነ ቀዝቃዛ ይሆናል። ከተማዋ ሞቃታማ ስለሆነች ለአዋቂ ችግር የለውም። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ግን ያሳስባል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ጄኔሬተር አላቸው? ጄኔሬተሩ አየር ማቀዝቀዣውን ያነሳል ወይስ አምፖል ብቻ? ኪንግስተን ከብሉ ማውንቴን ተራሮች ግርጌ፣ ዝናብ በማይበዛበት በኩል ነው ያለችው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ኤሌክትሪክም ውድ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ማረፊያዎች ማቀዝቀዣውን በተጨማሪ ክፍያ ነው የሚሰጡት፤ የሪሞቱን ዋጋ በቀን ያስከፍላሉ። ይህን ቀድሞ ማወቅ ነው። ጥሩ የጣራ ማራገቢያና መረብ ያለው መስኮት ካለ፣ ያለ ማቀዝቀዣም መተኛት ይቻላል። ቀን ከባሕር የሚነፍሰውን ነፋስ ጃማይካውያን «ዶክተር ብሪዝ» ይሉታል፤ ሐኪሙ ነፋስ እንደ ማለት። የመስኮቱ አቅጣጫ ጥሩ ከሆነ እውነትም ያድናል።

ሦስተኛው ጠቅላላ ዋጋው ነው። እዚያ ቫት «ጂሲቲ» ይባላል። በየምሽቱ የሚታሰብ የክፍል ግብር ሊኖር ይችላል። የአገልግሎት ክፍያም ይጨመራል። «ሁሉም ተጨምሮ፣ በበር ስወጣ የምከፍለው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ «የአሜሪካ ዶላር ነው የጃማይካ?» በሉ። ሁለቱም ዶላር ነው የሚባለው። አንዱ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ይመነዘራል። ይህን ጥያቄ ሆቴልም፣ ታክሲም፣ ገበያም ላይ ሳትታክቱ ጠይቁ።

ሌሎቹ አጫጭር ናቸው። ማታ በሩ ላይ ሰው አለ? አርፍጄ ብገባ ማን ይከፍትልኛል? ሁለተኛ ሰው ብጨምር ዋጋው ይጨምራል? መያዣ ገንዘብ ታስይዛላችሁ፣ በካርድ ወይስ በጥሬው? ክፍሉ ወደ መንገዱ ነው ወይስ ወደ ጓሮው? ወደ ጓሮው ያለውን ያዙ። አርብና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ከሩቅ ሰፈር ጭምር ይሰማል።

ዋጋው ከሁሉም በታች የሆነ፣ በረጅም አጥር የተከለለ፣ አስተያየት የጻፈበት ሰው የሌለ ቤት ካያችሁ ተጠንቀቁ። በሰዓት የሚከራይ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ይዞ የሚገባበት አይደለም።

4. ሁለት ምሽት ብቻ ያዙ

አንድ ሳምንት ብትቆዩም በኢንተርኔት የምትይዙት ሁለት ምሽት ይሁን። ቤቱን ካያችሁት በኋላ ከወደዳችሁት ቀሪውን እዚያው ተነጋገሩ። ባለቤቱ ለድረ ገጹ የሚከፍለው ኮሚሽን ስለሚቀርለት ዋጋ ለመቀነስ ልቡ ይራራል። እኔ በሦስተኛው ጉዞዬ በኢንተርኔት 68 ዶላር የነበረውን በ55 ነው የጨረስኩት። በትሕትና፣ ፈገግ ብሎ፣ ጠዋት ላይ መጠየቅ ነው። ሰው በተሰለፈበት ሰዓት አትጠይቁ። ቻምፕስና ካርኒቫል ሲሆን ግን ይህ አይሠራም፤ ሙሉውን ያዙ።

5. ከቤት ስትወጡ

ቪዛ እንደያዛችሁት ፓስፖርት ይለያያል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጃማይካን ቆንስላ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በአሜሪካ በኩል የምታልፉ ከሆነ ለማለፍ ብቻም የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው በቶሮንቶ፣ በለንደን ወይም በፓናማ በኩል ያለውን መንገድ ያያል፤ የእነዚያንም የመሸጋገሪያ ደንብ አረጋግጡ። ከኢትዮጵያ የምትነሱ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። አገራችን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው ዝርዝር ውስጥ ስላለች ይጠየቃል።

የመግቢያ ቅጹ «ሲ 5» ይባላል፤ በኢንተርኔት ይሞላል፤ በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከመጣባችሁ ተሳስታችኋል፤ ውጡ። ቅጹ የምታርፉበትን አድራሻ ይጠይቃል። የሆቴሉን ስምና መንገድ በወረቀት ጻፉት፤ ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል።

ሻንጣ ላይ ሦስት ነገር ልንገራችሁ። የጃማይካ መብራት 110 ቮልት ነው፤ ሶኬቱም እንደ አሜሪካ ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚሄድ አዳፕተር ይያዝ። ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240» ከተጻፈ ይሠራል። የቤታችሁ የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ግን አይሠሩም፤ ተዉአቸው። ሁለተኛ፣ የወታደር ዥጉርጉር ልብስ ለሲቪል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሕፃን ሱሪም ቢሆን አትያዙ። ሦስተኛ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት። ዴንጊ የሚባል፣ በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ አለ። የዴንጊ ትንኝ የምትነድፈው ቀን ነው። አጎበር ማታ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

6. ከአየር ማረፊያ እስከ ሆቴሉ በር

ኖርማን ማንሊ አየር ማረፊያ ፓሊሳዶስ በተባለች፣ ባሕር ውስጥ እንደ ክንድ በተዘረጋች ቀጭን መሬት ላይ ነው። ኒው ኪንግስተን ለመድረስ፣ መንገድ ካልተዘጋጋ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

መውጫው ላይ ትንሽ ዶላር ብቻ መንዝሩ። ዲጂሴል ወይም ፍሎው ሲም ካርድ ግዙ። ከዚያ ወደ ሕጋዊ ታክሲዎቹ ሂዱ። ሕጋዊ የሕዝብ ማመላለሻ ቀይ ታርጋ አለው። ቀይ ታርጋ ከሌለው አትግቡ፤ ሹፌሩ የቱንም ያህል ጨዋ ቢመስል። ዋጋውን ሻንጣው ሳይጫን ተነጋገሩ። እኔ 35 የአሜሪካ ዶላር ነው የከፈልኩት። ኡበርም ይሠራል። ሆቴሉ ሹፌር እልካለሁ ካላችሁ፣ ዋጋውንና የሹፌሩን ስም አስቀድማችሁ ተቀበሉ።

98 ቁጥር የከተማ አውቶቡስ ከአየር ማረፊያው ዳውንታውን ድረስ ይሄዳል፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ዳውንታውን ሌላ መኪና መቀየር አለ። ትልቅ ሻንጣ ያለው ሰው፣ ማታም የደረሰ ሰው አይሞክረው።

ከታክሲ ስትወርዱ ልብ በሉ፤ እዚያ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። እግራችን በልማድ ነው የሚሄደው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በጣም ተጠንቀቁ።

7. ክፍሉን ሳታዩ ቁልፍ አትቀበሉ

ሪሴፕሽን ላይ ከሁሉ በፊት ሰላምታ ነው። ጃማይካ ውስጥ «ጉድ ሞርኒንግ» ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ብልግና ይቆጠራል። እንደ እኛ ነው። ታክሲ ስትገቡም፣ ሱቅ ስትገቡም ሰላም በሉ። ከመሸ ስትደርሱ «ጉድ ናይት» ቢሏችሁ ደህና እደሩ ማለታቸው አይደለም፤ እንደምን አመሻችሁ ማለታቸው ነው። እናንተም «ጉድ ናይት» ብላችሁ ግቡ። በዕድሜ ከፍ ያለችውን ሴት «ሚስ» ብላችሁ ጥሩ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ፊት ያበራሉ።

መግቢያ ሰዓት ብዙ ቦታ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሻንጣ አስቀምጡና ውጡ።

ከዚያ «ክፍሉን ልየው» በሉ። አያሳፍርም፤ ሁሉም ያደርገዋል። ስትገቡ ቧንቧውን ክፈቱ፣ የመጸዳጃውን ውኃ ልቀቁ፣ ማቀዝቀዣውን አብሩና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። አንሶላውን ገለጥ አድርጉና የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት እዩ። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፤ ሌላ ክፍል ጠይቁ።

በጣም የማሳስባችሁ መስኮቱን ነው። ኪንግስተን ውስጥ መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ለሌባ ነው። ግን እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ? ፍርግርጉ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን፣ ቁልፉ የት እንደተሰቀለ፣ ሁለተኛው መውጫ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁ። የሚከፈት መስኮትም ሌላ መውጫም ከሌለ ያንን ክፍል አትያዙ፤ በነፃ ቢሰጧችሁም።

አጥጋቢ ከሆነ ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። መያዣው በጥሬ ገንዘብ ከሆነ፣ መጠኑ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ወዲያው አንድ ባልዲ ውኃ ሞልታችሁ መታጠቢያ ቤት አስቀምጡ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። የኪንግስተን የቧንቧ ውኃ የተጣራ ነው፤ ይጠጣል። ከማጠራቀሚያ ሲመጣ ግን እኔ የታሸገ ነው የምጠጣው።

8. ከሆቴሉ ስትወጡ፦ ታክሲና ምግብ

በርካሽ የሚያኖራችሁ የመስመር ታክሲው ነው። ቀይ ታርጋ አለው፤ የሚሄድበት መስመር ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ እየጫነ እያወረደ ይሄዳል። የእኛው ታክሲ ነው፤ ግን ትንሽ መኪና ነው። ኋላ አራት ሰው ይጭናል። «ስሞል አፕ» ሲሉ ጠጋ ጠጋ በሉ ማለታቸው ነው። ለመውረድ «ዋን ስቶፕ፣ ድራይቨር» ትላላችሁ፤ ወራጅ አለ ነው። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ። ባዶ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ መስመሩን ካልጠቀሳችሁ ኮንትራት አስመስሎ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ወደ የት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ «ሃፍ ዌይ ትሪ?» ብቻ በሉ። ትክክለኛውን ታሪፍ ጠዋት ከሪሴፕሽኗ ልጅ ጠይቁ። እሷም በዚያው ታክሲ ነው የምትመጣው፤ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ቁርስ ሆቴሉ ውስጥ ካልተካተተ አትክፈሉበት። ወጣ ብላችሁ ፓቲ ግዙ። ውስጡ ሥጋ ወይም አትክልት ያለው ቢጫ ሳምቡሳ መሰል ነገር ነው፤ «ኮኮ ብሬድ» በሚሉት ዳቦ ውስጥ ተደርጎ ሲበላ ምሳ ይሆናል። «ኩክ ሾፕ» የሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ቀን ላይ ሩዝና ባቄላ ከዶሮ ጋር በሣጥን ይሰጣሉ። ትንሹን ሣጥን እዘዙ፤ ትንሹም ያጠግባል። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ደግሞ ጎመናችንን ያስታውሳል።

ለጾመኛ ደግሞ ከጃማይካ የተሻለ አገር በካሪቢያን አላየሁም። ራስታዎች «አይታል» የሚሉት ምግብ አላቸው። ሥጋ የለበትም፤ ብዙዎቹ ወተትና እንቁላልም አያስገቡም። ምስር፣ ባቄላ፣ ዱባ፣ ሙዝ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ። ዐቢይ ጾም ላይ ሄጄ አንድም ቀን አልተቸገርኩም። ጨው አያደርጉበትም ወይም ያሳንሳሉ፤ ትንሽ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ያዙ። «ስኮች ቦኔት» የተባለው ቃሪያቸው ግን ሚጥሚጣን የሚያስንቅ ነው፤ ስትቀምሱ ቀስ በሉ።

አኪ የሚባለው ፍሬ ከጨው ዓሣ ጋር ሲሠራ ብሔራዊ ምግባቸው ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ብሉት። ከዛፍ ላይ ቀጥፋችሁ አትሞክሩ፤ ሳይበስል ራሱን ያልከፈተ አኪ መርዝ አለው።

አይታል የሚሸጠው ሰው ከየት እንደመጣችሁ ሲጠይቅና «ኢትዮጵያ» ስትሉ፣ ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። እኔን አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ቆይተዋል። ስለ ጃንሆይ ያላቸው እምነት ከእኛ ይለያል። ክርክር አትክፈቱ፤ በአክብሮት ስሙ። ያ ክብር በእኛ ምክንያት ሳይሆን በአገራችን ስም የተሰጠን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እሑድ ጠዋት የምታምኑትን ሹፌር ከሆቴሉ በኩል ያዙ፤ የመመለሻውንም ሰዓት አብራችሁ ተነጋገሩ። ማክስፊልድ አቬኑ የሚያልፍበት ሰፈር ድሃና አንዳንዴ ግጭት የሚነሳበት ነው። እሑድ ደግሞ መጓጓዣ ይቀንሳል። ነጠላችሁን ሻንጣ ውስጥ አትርሱ።

9. ማታ

ከኒው ኪንግስተን ውጭ፣ ከመሸ በኋላ በእግር መዞር የለም፤ አጭር መንገድም ቢሆን። ኒው ኪንግስተን ውስጥ ሰው በሚበዛበት በዋናው መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ወደ ጎን ጎዳናዎች ግን ታክሲ ጥሩ። ፓስፖርቱን ሆቴል ቆልፉበት፣ ኮፒውን ያዙ። ፖሊስ 119፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ 110 ነው።

ሰፈር ውስጥ ችግር ሲኖር ሬዲዮና ሪሴፕሽን ቀድመው ይሰማሉ። «ዛሬ ወደዚያ አትሂዱ» ካሏችሁ ቅሩ።

ጋንጃ (ማሪዋና) ያቀርቡላችኋል። ከ2015 ወዲህ እስከ ሁለት አውንስ (ወደ 56 ግራም) መያዝ እስር ሳይሆን ትንሽ ቅጣት ነው ያለው፤ ሕጋዊ ሆነ ማለት ግን አይደለም። በአየር ማረፊያ ይዞ ማለፍ ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። ሰው «ይህን ዕቃ አድርስልኝ» ቢላችሁ፣ ቡና ቢሆንም አትቀበሉ።

10. ቁልፍ ስታስረክቡ

በዋዜማው ማታ ሒሳቡን ጠይቁ። የጠዋቱ ሰዓት ይጣበባል፤ ስህተት ካለም የሚያርም ሰው አይገኝም። የተያዘባችሁን ገንዘብ በዚያው ማታ አስታውሱ። በጥሬው ከሆነ ካዝናው ውስጥ ገንዘብ መኖሩን እንዲያረጋግጡ ንገሯቸው። «ሱን ከም» ካሏችሁ አሁን መጣሁ ማለት ቢሆንም፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

የአገልግሎት ክፍያ ሒሳቡ ውስጥ ቢኖርም፣ ክፍላችሁን ላጸዳችው ሴት በእጇ የምትሰጧት ነገር ይኑር። በጃማይካ ዶላር ስጡ፤ ለመመንዘር አትንከራተት። ብሉ ማውንቴን ቡና መውሰድ የሚፈልግ ከሱፐርማርኬት ይግዛ፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወደዳል። ዋጋው ያስደነግጣችኋል፤ የቡና አገር ልጆች ስለሆንን ይበልጥ። ትንሿን ከረጢት ገዝቶ ከይርጋጨፌ ጋር ማወዳደር ግን ደስ ይላል።

ታክሲውን ከበረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ እዘዙ። ጠዋት ሠራተኛ በሚገባበት ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከሹፌሩ ጎን ሳይሆን ከኋላ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ፓሊሳዶስ ላይ ስትደርሱ በዚያ በኩል ወደቡ፣ ከወደቡ ማዶ ከተማዋ፣ ከከተማዋ ጀርባ ብሉ ማውንቴን በአንድ ላይ ይታያሉ።